ጓሮውን አታራቁቺው፦ ሁለት ዓመት ስለተዘጋ ግቢና ስለ መጋቢት ፀሐይ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እናቴ ለሕክምና እኔ ጋ አዲስ አበባ ስለቆየች ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን ሁለት ዓመት ተዘግቶ ነበር፤ የሚጠብቀው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ሳየው ደነገጥኩ። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ሰርዶው የቤቱን ደረጃ ወጥቶታል፣ መሬቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተተልትሏል። አንድ ትልቅ ማንጎ፣ አንድ አቮካዶ፣ ሁለት ፓፓያና ስምንት የቡና ዛፍ አለ። የቀረው ባዶ ቦታ 120 ካሬ ይሆናል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን። እናቴ ለፋሲካ ትመለሳለች። እስከዚያ የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ ሁሉንም አሳጭጄ፣ አቃጥዬ፣ በዶማ አስቆፍሬ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ጎመን ልተክል አስቤአለሁ። ጎረቤታችን ደግሞ የአረም መድኃኒት እርጪበት፣ ስንጥቁንም በቀይ አፈር አስሞዪው አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ካሰብሽው ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ የምስማማበት ጎመኑን ብቻ ነው። ሌላውን ለምን እንደምቃወም ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ወቅቱን እንይ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ቆላ አትባልም፤ ሆኖም የዓመቱ ሙቀት የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ለእኛ እፎይታ ነው፤ ቅጠል ግን ነፋስ በነካው ቁጥር ውሃ ያጣል። ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አንድ ሁለት ቀን ዶፍ ይጥልና ክረምት የገባ ይመስላል። አትመኚው። የረባው ዝናብ በሰኔ ይጀምራል፣ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ የምትገልጪው መሬት ሦስት ወር ሙሉ ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ይከርማል።

እጅ የሚያስገባው ስንጥቅ አፈርሽ ዋልካ መሆኑን ይነግረኛል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ በውስጡ ያለፉትን ቀጫጭን ሥሮች እየበጠሰ ነው። ሣሩን ከላዩ ስታነሺበት ጥቁሩ መሬት ፀሐዩን ሁሉ ይጠጣል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ በስንጥቁ በኩል ከታች ያለው እርጥበት ሳይቀር ይወጣል። ያ ወገብ የደረሰ ሣር ለአንቺ ነውር ሆኖ ታይቶሽ ይሆናል፤ ለአፈሩ ግን ጋቢው ነው። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በገዛ ግቢዬ ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን ልክ አንቺ እንዳሰብሽው በአንድ ቅዳሜ ጥርግ አድርጌ አሳጨድኩት፤ የአቮካዶውን ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎችም ግቢው ይታይ ብዬ አስቆረጥኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የግንዱ የምዕራብ ፊት በፀሐይ ተቃጥሎ ቅርፊቱ ተላጠ። ዛፉ አልሞተም፤ ግን ሁለት ዓመት ፍሬ አላየሁበትም፣ ባለቤቴም እስከ ዛሬ በዚያ ትቀልድብኛለች።

እንግዲህ ማጭድ ከመነሣቱ በፊት እናትሽን ጠይቂ። ከፎቶም ይልቅ በቪዲዮ እየደወልሽ በግቢው ውስጥ ዙሪበት፤ የቱ ምን እንደሆነ ይንገሩሽ። ሁለት ዓመት ያልተነካ ጌሾ ዝም ብሎ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው። ጤና አዳም ከሥሩ ደርቆ ከጎኑ አቆጥቁጦ ሊሆን ይችላል፣ ኮሰረቱም በሣሩ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። የቀን ሠራተኛ ይህን አይለይም፤ የሚከፈለው ለጠራው ካሬ ነው። እናትሽ የለዩትን በቀይ ጨርቅ እሰሪበት። ለፋሲካ ሲመለሱ ቲማቲም ከማየት ይልቅ የራሳቸውን ጌሾ በቦታው ማግኘት የበለጠ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።

አጨዳው ከቤቱ በር ጀምሮ ወደ አጥሩ ይሁን፤ እባብ ካለ መውጫ እንዲያገኝ። ቦቲ ጫማ ይልበሱ፣ ሣሩን አስቀድመው በረጅም እንጨት ይምቱት። ሣሩ ከመሬት አንድ ጣት ሳይሆን አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ተደርጎ ይታጨድ፤ የታጨደውም እዚያው ይነጠፍ። ዘሩ ይበቅልብኛል ብለሽ እንዳትሰጊ፤ መጋቢት ላይ የቆመ ሣር ዘሩን ካራገፈ ቆይቷል። አስተናግርና የወፍ ቆሎ ካገኛችሁ ግን ከሥራቸው ተነቅለው ለብቻ ይከመሩ። አስተናግር ሁለመናው መርዝ ነው፣ ፍሬው ደግሞ ሕፃን ያጓጓል፤ የወፍ ቆሎም ከብት ይመርዛል። ይህን የምልሽ ምክንያት አለኝ፤ ጎረቤት ለፋሲካ ከወዲሁ በግ የገዛ ካለ ግቢውን ለበጉ ብትፈቅጂለት ሰርዶውን በነፃ ያሳጥርልሻል። እነዚህ ሁለቱ ከተነሡ በኋላ ነው ታዲያ።

እሳቱን ተይው። መጋቢት ነፋሻ ነው፣ የዓባይ ማዶ አጥርና ጓዳ ደግሞ ብዙው እንጨት ነው። ከአደጋው ባሻገር የሚነደው የግቢሽ ብቸኛ ገንዘብ ነው፤ ሦስት ወር መሬቱን ሊያለብስ፣ በሰኔ ደግሞ በስብሶ ዋልካውን ሊያላላ የሚችለው ያው ሣር ነው። የሚቀርልሽ አንድ ቁና አመድ ብቻ ነው፣ እሱንም ነፋስ ይወስደዋል።

የጎረቤትሽ መድኃኒት ግላይፎሴት ይመስለኛል። እሱ የሚሠራው ቅጠል ጠጥቶት ወደ ሥር ሲያወርደው ነው፤ ለዚያ ደግሞ አረሙ ለምለም ሆኖ በማደግ ላይ መሆን አለበት። በጥማት ተኮማትሮ የተኛ ሰርዶ ላይ ብትረጪው ላይ ላዩን ያቃጥለውና ሥሩ ሰኔ ላይ ይስቅብሻል። ቤታችሁ ዓባይ አጠገብ ነው፤ ከግቢ የሚታጠብ ነገር ሁሉ መጨረሻው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ብር አታባክኚ።

ሰርዶን በተመለከተ፣ አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። አህያዋ ሞተች፣ ሰርዶው አለ። በዶማ መቆፈር ለእሱ ድግስ ነው፤ እያንዳንዱ የተቆረጠ አንጓ ራሱን የቻለ ሰርዶ ይሆናል። የሚያሸንፈው ይኸው የምትፈሪው ሙቀት ነው። በሁለት መንገድ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። አንደኛው፣ አትክልት በምትተክይበት ቦታ ላይ ብቻ አፈሩን በትንሹ አርሰሽ በብረት መንሽ ፈንቅለሽ፣ ሥሩን ሳትበጥሺ እየጎተትሽ ማውጣትና በሲሚንቶ ላይ ወይም በቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ሁለት ሳምንት ማድረቅ ነው። ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ሞቷል፤ ከተለመጠ አልሞተም። ሁለተኛው መንገድ ደረጃው አጠገብ በጣም ለጠነከረው ቦታ ይሆናል። 8 ካሬ ያህል መሬት ድርቅ ያለውን ሣር አንሥተሽ ደልድዪው፣ በ400 ሊትር ውሃ አጠጪው፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ከመሬቱ ጋር አጣብቀሽ ዘርጊና ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ቅበሪው። ጥቁር ላስቲክ አይሁን፤ እሱ ራሱ ይሞቃል እንጂ ፀሐዩን ወደ መሬቱ አያሳልፍም። በዚህ ወቅት ከላስቲኩ በታች ያሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ከ45 ዲግሪ በላይ ይሞቃሉ። ስድስት ሳምንት ሳይገለጥ ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘርና ከላይ ያለው የሰርዶ ሥር ይበስላል፤ በጥልቀት የተቀበረው ሥር ግን ሊተርፍ ይችላልና ሰኔ ላይ ብቅ የሚለውን መልቀም አይቀርም። በክረምት ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ሙቀቱ ስጦታ የሚሆንበት ሥራ ይህ ነው።

ቀይ አፈሩን ደግሞ ከማስመጣትሽ በፊት ምን እንደሚጭኑልሽ እይ። በከተማችን «ቀይ አፈር» እየተባለ በገልባጭ መኪና የሚራገፈው አብዛኛውን ጊዜ ገረጋንቲ ነው፤ ለመንገድና ለቤት መሠረት የሚሆን እንጂ ጎመን የሚበቅልበት አይደለም። እውነተኛ ቀይ አፈር ቢሆን እንኳ በስንጥቁ ውስጥ ይገባና ክረምት ላይ ዋልካው ሲያብጥ ይተፋዋል። አሸዋም የሚመክሩ አሉ፤ ትንሽ አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲቀላቀል ጡብ ነው የሚሆነው። ዋልካን የሚያላላው ያረጀ ፍግና የበሰበሰ ቅጠል ብቻ ነው፣ እሱም በዓመታት እንጂ በአንድ መኪና አይመጣም። ለአሁኑ የላዩን አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ በመኮትኮቻ ኮትኩተሽ ስንጥቁን በራሱ አፈር ድፈኚውና በሣር ሸፍኚው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ውሃው። አንድ ካሬ መሬት ላይ የፈሰሰ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቅጠሉን የዘረጋ አትክልት በእኛ አካባቢ በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠጣል፤ በሳምንት በካሬ 35 ሊትር። 120 ካሬውን ሁሉ ብትተክይ በሳምንት 4,200 ሊትር ያስፈልግሻል። ያለሽ ሮቶ ሁለት ጊዜ ቢሞላ 2,000 ነው፤ ከዚያ ላይ ቤቱ ይጠቀማል፣ እናትሽ ሲመጡ ደግሞ አጠቃቀሙ ይጨምራል። ለጓሮው በሳምንት 1,000 ሊትር ያዢ። ከዚህ 700ው 20 ካሬ አትክልት ይችላል፤ በቀን አምስት ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው፣ ለአክስትሽ ልጅም የማይከብድ ሥራ ነው። የቀረውን 300 እንዲህ ትከፍይዋለሽ፦ አቮካዶው በሳምንት 120፣ ቡናው ለእያንዳንዱ 15፣ ፓፓያዎቹ ለእያንዳንዳቸው 30። ማንጎው ትልቅ ከሆነ ሥሩ ጠልቋል፤ እሱ አያስፈልገውም። ላስቲክ ለሚዘረጋበት ቦታ ያልኩሽን 400 ሊትር ከመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ ችግኝ ገና ሳይተከል ውሰጂ።

ስለዚህ ጥያቄሽ «ምን ልትከል» ከመሆኑ በፊት «ስንት ካሬ» ነው፣ መልሱም ሃያ ነው። ሌላው መቶ ካሬ ሣሩን ለብሶ ይተኛ። ሰው ሲገባ እንዳያፍር ካልሽ በመሃሉ ከበሩ እስከ ማንጎው የሚያስኬድ መንገድ አጽድተሽ ግራና ቀኙን ቀጥ አድርገሽ አሳጭጂ፤ ዐይን የሚፈልገው ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የተቀረውን ይቅር ይላል።

ሃያው ካሬ አራት መደብ ይሁን፤ እያንዳንዱ ወርዱ 1.20፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ፣ ከሁለቱም ጎን እጅ የሚደርስበት። ቦታውም የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የማንጎው ወይም የቤቱ ጥላ የሚያርፍበት ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው ከመጻሕፍት አይቶ መደቡን ከፍ አድርጎ ይሠራል። በክረምት ልክ ነው፤ በበጋ ግን ከፍ ያለ መደብ በአራት ጎኑ ይደርቃል። አሁን መደቡን ከአካባቢው መሬት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊው፤ የወጣውን አፈር ዙሪያውን ጠርዝ አድርጊበት። ውሃው እዚያው ይቆያል፣ ነፋሱም በላዩ ያልፋል። ዋልካ ደረቁን ሲቆፈር ዶማ ይሰብራል፣ ጭቃ ሆኖ ሲቆፈር ደግሞ ይጠፈጠፍና ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ማታ በየመደቡ አምስት ጀሪካን አፍስሰሽ ሁለት ቀን ጠብቂ፤ ቆርሰሽ ስታሺው የሚፈረፈር ሲሆን ቁፈሪ። ለየመደቡ ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ያረጀ ፍግ ቀላቅይበት። ያረጀ ማለት ከብት የማይሸት፣ በእጅ ሲጨብጡት አፈር የሚመስል ነው፤ ትኩሱ በዚህ ሙቀት ሥር ያቃጥላል።

ወደ ተክሉ ስንመጣ፣ ቲማቲሙን ተይው። ዘር ዘርተሽ ለመዛወር አንድ ወር፣ ከተዛወረ በኋላ ለመልቀም ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ቁጠሪው፤ ፍሬው ሲቀላ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው፣ ያን ጊዜ ምች የሚሉት የቅጠል በሽታ ይመታዋል፣ በአንድ ሳምንት ቅጠሉ ይጠቁራል። ከዚያ በፊት ደግሞ በዚህ ደረቅ ወቅት ቱታ አብሶሉታ የሚሉት ቅጠሉን እንደ ካርታ የሚያበላሸው ትል አለ። ቲማቲም ለክረምት ማብቂያ ይቆይሽ። ካሮትም ዋልካ ላይ ዘሩ ጥቃቅን ስለሆነ የደረቀውን ቅርፊት ሰብሮ አይወጣም፣ ቢወጣም እግሩ ሁለት ሦስት እየሆነ ይጣመማል። ሰላጣ በሙቀት ቶሎ አገዳ ያወጣና ይመርራል፤ ከወደድሽው የማንጎው ጥላ ጫፍ ላይ ጥቂት እግር ሞክሪ፣ ብዙ ተስፋ አታድርጊበት።

ሁለት መደብ የሐበሻ ጎመን፣ አንድ መደብ ቆስጣ ይሁን። ሁለቱንም ዘር ከመዝራት ይልቅ የደረሰ ችግኝ ገዝተሽ አመሻሽ ላይ ትከይው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በቅጠላም ቅርንጫፍ ወይም በተዘረጋ የማዳበሪያ ከረጢት ጥላ ይሠራለት። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ የታችኛውን ቅጠል መቀንጠስ ይቻላል፤ ከፋሲካ ጋር ይገጥማል። ዶሮ ወጥ በሚበላበት ሳምንት ጎመን ማን ያያል ካልሽ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከጎመኑ ቅጠል ሥር ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ታገኚያለሽ፣ ይህ በሙቀት የማይቀር ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ማታ ማታ ከቅጠሉ በታች እርጪ፤ በሦስት ቀን ድገሚው። በቀትር ከረጨሽ ቅጠሉ ራሱ ይቃጠላል።

አራተኛውን መደብ ለችግኝ አውዪው። ዛሬ የተዘራ የበርበሬ ወይም የቃሪያ ዘር ለሰኔ ተከላ ይደርሳል። የፓፓያ ዘርም በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሁን ብትዘሪ ሙቀቱ ያፈጥነዋል፤ ፓፓያ ወንድና ሴት ስላለው በየጉድጓዱ ሦስት ተክለሽ ሲያብቡ ወንዶቹን ትቀንሻለሽ። አጥሩ ሥር ሁለት ሦስት የዱባ ጉድጓድ ብትጨምሪ ሐረጉ መሬቱን ያለብስልሻል። የዱባ ቅጠል በቀትር ይጠወልጋል፤ እንዳትደነግጪና ውሃ ይዘሽ እንዳትሮጪ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከተቃና ደኅና ነው።

ዛፎቹን ደግሞ አሁን መቁረጥ አይገባም። ማንጎው በዚህ ወር ፍሬ ይዟል፤ ማስተካከያው ከለቀማ በኋላ ነው። አሁን የሚነሣው የሞተ ቅርንጫፍና መሬት የሚጎትተው ብቻ ነው። ቅጠሉን ግን ገልብጠሽ እይ። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለበት፣ ዙሪያውም ቢጫ ከሆነ፣ ነጭ የማንጎ ስኬል ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ወለጋ ላይ መጀመሪያ ታይቶ ወደ እኛም አካባቢ የደረሰ ተባይ ነው። ፍሬው ላይ ሐምራዊ ጠባሳ ይተዋል። እጅ የደረሰበትን የተጠቃ ቅጠል ልቀሚና በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ አቃጥዪው፤ እሳት ከከለከልኩሽ ውስጥ ይህ ብቻ ይፈቀዳል።

የአቮካዶው ጠጪ ሥር ከመሬቱ ገጽ ብዙም አይርቅም፤ ከጥላው በታች ዶማ እንዳይገባ። የወደቀው ቅጠሉም አይጠረግ፣ የእሱ አልጋ እሱ ነው። ውሃውን ከግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያርፍበት ዙሪያ ክብ ቦይ ሠርተሽ አፍስሽው። ፀሐይ የሚያገኘው ግንድ ካለ ኖራ በውሃ እንደ ቀጭን አጥሚት በጥብጠሽ ቀቢው። ቡናውም ቢያረጅ ቢረዝም ዘንድሮ አይጎንደል፤ ውሃ ሳይኖረው ከተጎነደለ የሚያቆጠቁጥበት አቅም አያገኝም። ጣና ዳር ያለውን ዘጌን ታውቂው የለ? ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በራሱ ቅጠል ላይ ቆሞ፣ ማረሻ ሳይነካው ይኖራል። ለስምንቱ ዛፎችሽ ያንን አኗኗር በትንሹ ስጫቸው።

የታጨደው ሣር ለሁሉም አይበቃ ይሆናል፤ መደቦቹና ዛፎቹ ሥር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልጋል፣ ግንዱን ሳይነካ። የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ስለሆነ ውድ ነው። ወረታ የሩዝ ወፍጮዎቹ አካባቢ የሩዝ ገለፈት ተራራ ነው፣ የሚጭንልሽ ካገኘሽ ጥሩ ልባስ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን እንደተነጠፈ ውሃ ርጪበት፣ ያለበለዚያ የጣና ነፋስ ለጎረቤት ያድለዋል። የጫት ገረባ በየሰፈሩ በነፃ ይገኛል፤ ጫት ላይ ብዙ መድኃኒት ስለሚረጭ ጎመን ሥር አታድርጊው፣ ለማንጎውና ለመንገዱ ይሁን። አንድ ጊዜ አርጅቶ ውሃ ጠጥቶ የተጣለ ታንኳ ለምኜ ወስጄ ደንገሉን ፈትቼ አቮካዶ ሥር አንጥፌ ነበር። እስከ ክረምት ቆየ፤ ምስጥ ግን ወደደው፣ ስለዚህ ከቤት ግድግዳ ራቅ አድርጊው።

እንቦጩን ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ «ይህን ሁሉ ቅጠል ለምን ለማዳበሪያ አንጠቀምበትም» የማይል የለም። አንደኛ፣ ከክብደቱ ከአሥሩ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ አንድ ጋሪ አምጥተሽ ሲደርቅ አንድ እቅፍ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መሬት ውስጥ ይቆያል፤ ወንዝ አጠገብ ያለ ግቢ ውስጥ ያመጣሽው ዘር በክረምት ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሳያብብ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ድርቅ ያለ ካልሆነ በቀር አታምጪው። እኔ እሱንም አላመጣም።

አጠጣጡ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት ሥር የያዘውን ጎመን በሁለት ቀን አንዴ እጥፍ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ለጠባቂው ልጅ ቀላሉ መለኪያ ጣት ነው፤ ልባሱን ገለጥ አድርጎ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይክተት፣ ከረጠበ ያን ቀን ያሳልፍ። ገበያ ላይ ያልተሟሸ እንስራ ወይም ማሰሮ ካገኘሽ በየመደቡ መሃል አንድ እስከ አንገቱ ቅበሪና ውሃ ሞልተሽ ክደኚው፤ ሸክላው ቀስ እያለ ያላብና ዙሪያውን ያረጥባል። የተሟሸ ወይም ጠላ የተጠመቀበት ከሆነ ቀዳዳው ስለተደፈነ አይሠራም። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወደ መደቡ አይግባ፤ የዱቄት ሳሙናው ጨው ዋልካን ያጠነክረዋል። የማለቅለቂያውን ለማንጎው ማፍሰስ ይቻላል።

ሣር ውስጥ የተጣለ ጎማ፣ ጣሳ፣ የተሰበረ ባልዲ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ይውጣ፣ ሮቶውም ክዳኑ ይገጠም፣ በርሜል ካለ በሻሽ ይታሰር። ትንኝ የሚራባው እዚያ ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ነው። ጦጣ ማንጎውን መልቀሟ አይቀርም። አጥራችሁ ወደ ወንዙ በኩል ክፍት ከሆነ ግን ዝጉት፤ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ለምለም ነገር ካገኘ አራቱን መደብ በአንድ ማታ ይጨርሰዋል፣ ለሰውም አደገኛ ነው፣ ልጁ በጨለማ ውሃ ሊያጠጣ እንዳይወጣ።

ሰኔ ሲገባ ያልኩሽን ሁሉ ገልብጪው። ዝቅ ያለው መደብ በክረምት ኩሬ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናቦች እንደጣሉ የመደቦቹን ጠርዝ ወደ ተዳፋቱ በኩል ክፈቺ፣ በመካከላቸው ቦይ አውጪ፣ ከቦዩ የወጣውን አፈር ወደ መደቡ መልሰሽ ከፍ አድርጊው። በርበሬው በዚያ ላይ ይተከላል። የፓፓያ ችግኞቹን በጉብታ ላይ ትከያቸው፣ የቆዩትን ሁለቱን ደግሞ ዙሪያቸውን እይ፤ ውሃ ከተኛባቸው በዚያው ቀን መውጫ ቅደጂለት፣ ፓፓያ ሥሩ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ከዋለ አይተርፍም።